ሳይነክሱ ማወቅ

ጥንቅሽ በጥርሱ ልጦ የበላ ሰው ከንፈሩ ያስታውሰዋል። ልጡ እንደ ምላጭ ነው። ልጆች ሳለን ጥቅምት ሲገባ በሰፈራችን ከንፈሩ ያልተቆረጠ ልጅ አልነበረም። እናቶቻችን ደግሞ የማን ማሳ እንደገባን ሳይቀር ያውቁ ነበር፤ ጥንቅሽ የሚዘራው ጥቂት ሰው ነዋ።

ለማታውቁት፣ ጥንቅሽ ማሽላ ነው። አገዳውን ስታኝከው ጣፋጭ ውሃ ይወጣዋል፤ እንደ ሸንኮራ ትመጥና የቀረውን ትተፋለህ። ከጎኑ የበቀለው ማሽላ ቁመቱም ቅጠሉም ያው ሆኖ ውስጡ ግን ነጭና ደረቅ ነው። እሱን መንከስ ጥጥ ማኘክ ነው። ከሩቅ ብታያቸው አትለያቸውም። ትልልቆቹ ልጆች ግን ሳይነክሱ ያውቁ ነበር። ቅጠሉን ይዘው መሐል ለመሐል የሚሄደውን ወፍራም ጅማት ያያሉ። ነጭ ከሆነ ያልፉታል። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ቀጭ! እኔ ይሄንን ጥበብ የተማርኩት ከአጎቴ ልጅ ሲሆን ክፍያው አንድ ሳምንት ሙሉ በሱ ተራ ከብት መጠበቅ ነበር።

አሁን ሥራዬ ከማሽላ ጋር ነው። ማሳ ላይ መለካት፣ ናሙና መልቀም፣ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት፣ በቃ እሱ ነው። ትልቅ ሳይንቲስት አይደለሁም። ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጥናት ሳነብ ያ ከብት የጠበቅኩበት ሳምንት ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2018 (እዚህ ላይ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የጃፓንና የቻይና ተመራማሪዎች በየፊናቸው ደረቁን አገዳ ከጥንቅሹ የሚለየው አንድ ዘረ-መል (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የባሕርይ ትእዛዝ) መሆኑን ደረሱበት። አንድ ብቻ! ይህ ዘረ-መል ራሱ የጉልበት ሥራ አይሠራም፤ አለቃ ነገር ነው፣ ሌሎች ዘረ-መሎችን ያዛል። በደረቁ ማሽላ ውስጥ አለቃው ደህና ነው። አገዳው አድጎ ሲያበቃ በመሐል ያሉትን ሕዋሶች "ሙቱ" ብሎ ያዛቸዋል፣ እነሱም ይሞታሉ፣ ውሃው የነበረበት ቦታ በአየር ይሞላል። ጥንቅሹ ውስጥ ግን አለቃው ተበላሽቷል። ትዕዛዝ የለም። ሕዋሶቹ ውሃቸውን እንደያዙ በሕይወት ይቆያሉ።

የቅጠሉ ጅማትስ? ያው ዘረ-መል እዚያም ይሠራል። አየር የሞላው ሕዋስ ነጭ ይመስላል፣ ውሃ የያዘው ደብዘዝ ይላል። የአጎቴ ልጅ የሸጠልኝ ምሥጢር ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ እኛ የምንወደው ጥንቅሽ የተገኘው አንድ ነገር ተጨምሮለት ሳይሆን አንድ ነገር ተሰብሮበት ነው። "የተበላሸ ዘረ-መል" ሲባል ሁልጊዜ በሽታ የሚመስለው ሰው አለ፤ ይሄን ያስብ። ሁለተኛ፣ ውሃ መያዝና መጣፈጥ አንድ አይደሉም። ውሃ ኖሮት የማይጣፍጥ አገዳ ሞልቷል። ስኳሩን ብዙ ዘረ-መሎች እየተጋገዙ ነው የሚወስኑት፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው። ልጆችም ይሄን ያውቁታል፤ "ጥንቅሽ ነው ግን ማር የለውም" ይባል ነበር።

ወደ እምዬ ማሳ ልውሰዳችሁ። እምዬ አያቴ ናት። ማሳዋ ወሎ ቆላ ውስጥ ነበር፣ ስፋቱ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያንስ፣ ውስጡ ግን በማሽላ ዓይነት ገበያ የሚመስል። ደጋሌት አለ፣ ጅጉርቲ አለ፣ ዳር ዳሩን ጥንቅሽ አለ፣ ወተት በጉንጬ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ተደርጎ አለ። አንዱ ራሱ እንደ ጡጫ የተጨበጠ፣ ሌላው እንደ መጥረጊያ የተበተነ። አንዱ አንገቱን እንደ ዝይ ቆልምሞ ወደ መሬት ያያል፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነጭ፣ ቀይ፣ ክሬም፣ ቡናማ። ይሄ ሁሉ አንድ ዝርያ ነው እንግዲህ።

በነገራችን ላይ የኛ ቋንቋ እዚህ ጋ ያስቸግራል። ማሽላን ከስንዴ የሚለየውንም "ዝርያ" እንለዋለን፣ ደጋሌትን ከጅጉርቲ የሚለየውንም "ዝርያ" እንለዋለን። እኔ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ እርስ በርስ ተዳቅለው መውለድ የሚችሉ፣ ያው 10 ጥንድ ክሮሞዞም (ዘረ-መሎቹ የተደረደሩበት ክር) ያላቸው፣ ግን መልካቸው የተለያየ የአንድ ቤት ልጆች።

የማሽላ ዘረ-መሎች ሁሉ ሙሉ ንባብ በ2009 ነው የወጣው። ዘረ-መል የሚጻፍበት የዲኤንኤ ፊደል ወደ 730 ሚሊዮን ነው፣ ከሰው ሩብ ገደማ። ግን የተነበበው የአንድ ማሽላ ነው፣ ቴክሳስ ውስጥ የተዳቀለ የአንድ አጭር ማሽላ። የአንድ ሰው ፎቶ አንስተህ "የሰው ልጅ ይሄን ይመስላል" እንደማለት ነው። ቆይቶ ብዙ ማሽሎች ጎን ለጎን ሲነበቡ አንዱ ጋ ያለ ዘረ-መል ሌላው ጋ ጭራሹኑ የሌለበት ብዙ ቦታ ተገኘ። ለዚህ ነው አሁን ሰው አንዱን አጥርቶ ከማንበብ ይልቅ ሺውን እያነጻጸረ ማንበብ የያዘው።

ማነጻጸሩ እንዴት ነው የሚሠራው? ከኛ የቅጠል ዘዴ ብዙም አይርቅም። ሺህ ማሽላ ትሰበስባለህ። ቁመቱን፣ የራሱን ቅርጽ፣ የፍሬውን ቀለም ትለካለህ፤ ይሄ የኔ ሥራ ነው፣ ፀሐይ ላይ። ከዚያ ላብራቶሪው የያንዳንዱን ፊደሎች ያነባል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ይጠይቃል፦ እዚህ ቦታ ላይ "ሀ" ያላቸው ሁሉ ረጃጅም፣ "ለ" ያላቸው ሁሉ አጫጭር የሆኑበት ቦታ የትኛው ነው? እዚያ አካባቢ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ችግሩ ዝምድና ነው። የአንድ አገር ማሽሎች ዘመዳሞች ስለሆኑ ብዙ ነገር አንድ ላይ ይወርሳሉ። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሁሉ ረጃጅምም ጠይምም ቢሆኑ ጠይምነት ያስረዝማል ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ግን ይሄን ካልነገሩት እንዲያ ብሎ ያምናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተሸውዷል። በ2019 በታተመ አንድ ጥናት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 1,425 ማሽሎች በዚህ መንገድ ተፈትሸው የፍሬ ቀለም፣ የራስ ጥቅጥቅነት፣ ቁመት፣ ሌላው ቀርቶ አረማሞን (ፍሬውን ጥቁር ዱቄት የሚያደርገውን በሽታ) የመቋቋም ጉዳይ በየትኛው ክሮሞዞም የት አካባቢ እንደሚገኝ ተጠቁሟል። አንድ ጊዜ ቦታው ከታወቀ በኋላ ችግኙ ገና ስንዝር ሳይሞላ ከቅጠሉ ቆርጠህ አንብበህ "ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም" ትላለህ። ሳይነክሱ ማወቅ።

ቁመት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያስቀኛል።

የእምዬ ማሽላ ሰው ይውጣል። ግመል ገብቶበት ሊጠፋ ይችላል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ፈረንጅ ደግሞ በኮምባይነር ለማጨድ አጭር ይፈልጋል። ማሽላን የሚያሳጥሩ አራት የታወቁ ዘረ-መሎች አሉ። ሁሉም ቅጠሉን አይቀንሱም፣ በአንጓና በአንጓ መሐል ያለውን ነው የሚያሳጥሩት። ከነዚህ አንዱ በ2003 ተገለጠ። ሥራው የእድገት ሆርሞን በአገዳው ውስጥ ማጓጓዝ ነው፤ ሲበላሽ ሆርሞኑ መንገድ ላይ ይጉላላል፣ አገዳውም ድንክ ይሆናል። የሚገርመው አበላሸቱ ነው። ከዘረ-መሉ ውስጥ 882 ፊደል የሚሆን ቁራጭ ሁለቴ ተደግሞ ተጽፏል፤ አንድ አንቀጽ ሳያስበው ሁለቴ እንደገለበጠ ጸሐፊ በሉት። ታዲያ አልፎ አልፎ ክሮሞዞሞቹ ጎን ለጎን ሲሰለፉ ይንሸራተቱና ትርፉ ቁራጭ ይወድቃል። ዘረ-መሉ ይድናል። ማሽላው ይረዝማል!

ስለዚህ ንጹሕ የተባለ አጭር ማሽላ ዘርተህ ከብዙ መቶዎቹ መሐል አንዱ ድንገት ከሁሉም በላይ አንገቱን አውጥቶ ታገኘዋለህ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ያለ ረጅም ማሽላ ብቅ ባለ ቁጥር "ዘሩን ማን ቀላቀለው?" ተብዬ ተቆጥቼ አውቃለሁ። ማንም አልቀላቀለውም። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ለካ ለማሽላም ነው።

ያው ዘረ-መል በቆሎም ውስጥ ሲበላሽ በቆሎው ድንክ ይሆናል። ቫቪሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1920 አንድ ነገር ብሎ ነበር፦ ዘመዳም ተክሎች ልዩነታቸውም ተመሳሳይ ነው፤ አንዱ ላይ ያየኸውን ዓይነት መልክ ዘመዱ ላይ ፈልገው፣ ታገኘዋለህ። ያኔ ዘረ-መል ማንበብ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውየው በዓይኑ ብቻ ነው የደረሰበት። በ1927 ኢትዮጵያም መጥቶ በበቅሎ እየዞረ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ያገኘውን ሁሉ ሰብስቧል። መጨረሻው አያምርም፤ በ1943 የገዛ አገሩ እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

የኛ ማሽላ ወደ ውጭ ሲሄድ ሌላም ችግር ነበረበት። ቀኑ ካላጠረ አያብብም። ቴክሳስ ወስደህ ብትዘራው በጋው ቀኑ ረጅም ስለሆነ ዝም ብሎ እያደገ፣ እያደገ፣ ውርጭ መጥቶ ይገድለዋል፤ ፍሬ የለም። ይሄንንም በዋናነት የሚያዘው አንድ ዘረ-መል በ2011 ተለይቷል፤ ቀኑ ረጅም ሲሆን አበባውን የሚከለክል። አሜሪካኖቹ ግን ይሄን ሁሉ ሳያውቁ ነው በ1963 ሥራ የጀመሩት። ፖርቶ ሪኮ ላይ፣ ቀኑ በሚያጥርበት፣ ከአፍሪካና ከእስያ የመጡትን ረጃጅም ማሽሎች ከአጭርና ቶሎ ከሚያብብ ጋር ያዳቅላሉ፤ ልጆቹን ቴክሳስ ወስደው አጭርና ቶሎ አባቢውን ይመርጣሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ረጅም ማሽላ ጋር ያዳቅላሉ። በዚህ መንገድ ከተለወጡት አንዱ አባቱ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። ዝናብ በፍሬ ሰዓት ሲቆም የሌላው ቅጠል ሲደርቅ የሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ዛሬ ድርቅ የሚችል ማሽላ ፍለጋ የሚደረግ ጥናት ከሱ ሳይነሳ አይጀምርም ማለት ይቻላል። ስሙ ግን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ገበሬ ያወጣለት ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ በዚያ ስም ግን የሚጠራው የለም። ይሄ ሁሌ ይከነክነኛል።

አሁን ወደ ግሪሳ። ግሪሳ ሲመጣ ትምህርት የለም። ማማ ላይ ወጥተን ከንጋት እስከ ምሽት በወንጭፍ፣ በጅራፍ፣ በጩኸት። ወፏ ትንሽ ናት፣ ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥ፤ ግን የምትመጣው እንደ ደመና ነው። ቀዩን ማሽላ ግን መጨረሻ ላይ ነው የምትነካው። እኛ ቀለሙን የጠላችው ይመስለን ነበር።

ቀለሙ አይደለም። አንዳንዱ ማሽላ ከልባሱ ሥር ታኒን የሚባል ነገር የያዘ ስስ ሽፋን አለው፤ ያልበሰለ ሙዝ ስትበላ ምላስህን የሚያደርቀው ዓይነት ነገር ነው። ይሄ ሽፋን እንዲኖር ሁለት ዘረ-መሎች ሁለቱም ደህና መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከተበላሸ የለም። ከሁለቱ አንዱ በ2012 ታወቀ። የልባሱን ቀለም የሚወስኑት ግን ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ቀይ ሆኖ ታኒን የሌለው አለ፣ ነጣ ብሎ ያለውም አለ። ወፏ የምታውቀው ጣዕሙን ነው፤ እኛ ነን በቀለም የምንፈርደው።

ታዲያ ሰው ለምን የሚመር ማሽላ ይዘራል? ነጩ ለእንጀራ ይሻላል፣ ለልጅ ይሻላል፣ ገበያም ይሻላል። በ2019 በወጣ ጥናት የአፍሪካ ማሽሎች ሲታዩ በምዕራብ አፍሪካ ታኒን የሌለው በዝቶ ተገኘ፤ ግሪሳ በሚበዛበት በምሥራቅና በደቡብ ደግሞ ታኒን ያለው። እዚህ ድረስ ማንም ማማ ላይ የዋለ ልጅ ይነግራችኋል። ጥናቱ ግን ቀጥሎ ሰውንም ነካ። የምሬት ጣዕም የምንለይባቸው ዘረ-መሎች አሉን፣ እነሱም ከሰው ሰው ይለያያሉ። ታኒናም ማሽላ በሚዘራበት አካባቢ ያሉ ሰዎች ምሬትን በመጠኑ ቀነስ አድርጎ የሚያሰማ ዓይነት በዝቶባቸው ተገኘ። ወፍ፣ ማሽላና የሰው ምላስ በአንድ ክር! የመጨረሻውን ስታነቡ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ሁለት ነገር በአንድ ካርታ ላይ ተገጣጠመ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም፣ የቅድሙን የዝምድና ጣጣ አስታውሱ። ሆኖም እምዬ ስለ መራራው ማሽላ "ዘንጋዳ ነው ጠላ የሚሆነው፣ ሌላው ውሃ ነው" ስትል ከምላሷ ነበር የምታወራው ብዬ ማሰብ ደስ ይለኛል።

የራሱ ቅርጽም እንደዚሁ ምክንያት አለው። ዝናብ በሚበዛበት የተበተነው ይሻላል፣ አየር ስለሚገባው አይሻግትም። ደረቅ አገር የተጨበጠው ይሆናል። ይሄን አሳጥሬ ልለፈው።

ወተት በጉንጬን ግን አላሳጥረውም። ስሙ ራሱ ደስ አይልም? የማሽላ ፕሮቲን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ ላይሲን የሚባለው፣ ሰውነታችን ራሱ መሥራት የማይችለው ንጥረ ነገር በጣም ያንሰዋል። ምክንያቱም ፍሬው ፕሮቲኑን የሚያከማቸው በአብዛኛው ላይሲን በሌለው ዓይነት ነው። ማሽላ ብቻ የሚበላ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ሊቀጭጭ ይችላል። በ1973 በታተመ ጥናት በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሲንግና አክስቴል፣ ከዓለም ከተሰበሰበው ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ የማሽላ ናሙና ውስጥ ላይሲኑ የበዛ ፍለጋ ገቡ። ሁለት አገኙ። ሁለቱም ከወሎ! ላይሲናቸው ከሌላው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነበር፤ አይጦች ሲበሉት በጣም በተሻለ ሁኔታ አደጉ። ወተት በጉንጬና ማርጩቄ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው።

ታዲያ ዓለም ለምን በወተት በጉንጬ አልተጥለቀለቀም? ፍሬውን ያየ ያውቃል። ሲደርቅ ይጨማደዳል። ቀላል ነው፣ ሲመዘን አይነሳም። ውስጡ ዱቄታም ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል። ምርቱ አነስተኛ ነው። ያን ባሕርይ ጠንካራና ከባድ ፍሬ ላይ ለማምጣት ብዙ ተደክሟል፣ ነገሩ አልቀለለም፤ ፕሮቲኑን የሚለውጠውና ፍሬውን የሚያጨማድደው አንድ ላይ ተጣብቀው ነው የሚሄዱት።

ገበሬው ግን ይሄን ችግር በሌላ በኩል ነው የፈታው። እስኪደርቅ አልጠበቀውም! ወተት በጉንጬ የሚበላው በእሸትነቱ ነው፣ ፍሬው ገና ወተት ሳለ፣ በእሳት ተለብልቦ። ሌላው ማሽላ ሳይደርስ፣ ጎተራ ባዶ በሆነበት ሰሞን፣ ለልጅ የሚቀመስ ነገር ነው። ስለዚህ እምዬ መቶ ሥር ሌላ ማሽላ መሐል አምስት ስድስት ሥር ብቻ ነበር የምትዘራው። "ላይሲን" ብላ አታውቅም፤ "ይጥማል" ነው የምትለው። ገበሬው ሁሉን ያውቅ ነበር የሚለው የፌስቡክ ዘፈን አይመቸኝም፤ አላወቀም። ግን ያላወቀውን ነገር ለሌላ ምክንያት ብሎ አቆየው፣ ለጣዕም፣ ለጠላ፣ ለጣሪያ፣ ለከብት። ምክንያቱ ሲጠፋ ማሽላውም ይጠፋል። እኔ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

አቀንጭራን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፣ ቆላ ያደገ ሰው አይምረኝም። ሐምራዊ አበባ ያላት፣ የምታምር፣ ማሽላውን ከሥሩ የምትመጥ አረም ናት። አንዷ ተክል ዘሯን በአሥር ሺዎች ትበትናለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚቀሰቅሰው ማሽላው ራሱ ነው። መሬቱ ሲከሳ ማሽላው በሥሩ በኩል የሚረዱትን ፈንገሶች ለመጥራት ኬሚካል ይለቅቃል፤ አቀንጭራ ያንን ጥሪ ጠልፋ ትሰማለች። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ የወሎንኮሚው ልጅ፣ ይሄን የማይለቅ ማሽላ ፍለጋ ዕድሜውን ሰጥቶ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ። ጎብዬና አብሽር ተብለው እኛ አገር የተለቀቁት ዓይነቶችም ከዚያ ሥራ የወጡ ናቸው። ዘረ-መሉ ራሱ በ2017 ተገለጠ። እዚህም የተበላሸው ነው የሚጠቅመው፤ ዘረ-መሉ ሲጎድል ማሽላው የሚለቀው ኬሚካል ይለወጣል፤ ፈንገሶቹን ይጠራል፣ አቀንጭራን ግን ብዙም አያነቃም። ነጻ ግን አይደለም። በኋላ የወጣ ሥራ እንዳሳየው አቀንጭራ በሌለበት መሬት ይህ ጉድለት ማሽላውን ትንሽ ዋጋ ያስከፍለዋል። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ሁሉም ማሽላ እንዲህ ያልሆነው።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁና ላብቃ። ተማሪ ሳለሁ ናሙና ሰብስብ ተብዬ ተላክሁ። ከሦስት ቀበሌ "ደጋሌት" የተባለ ማሽላ አገኘሁ። ሦስቱም ደጋሌት ከሆነ አንድ ነው ብዬ አንድ ከረጢት ውስጥ ገለበጥኩት፤ ተሸካሚ አልነበረኝም፣ መንገዱም ረጅም ነበር። አማካሪዬ ሲያዩት ለሁለት ቀን አላናገሩኝም። ስንዘራው አንዱ ከአንዱ በሦስት ሳምንት ተለያይቶ አበበ። ስም አንድ፣ ማሽላ ሦስት። በሌላ በኩል ሁለት ስም ይዘው የመጡ፣ ብታነባቸው ፊደላቸው ያው የሆኑም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከስሙ ጋር "ለምንድን ነው የምትዘሩት?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ከስሙ ይበልጣል።

ባለፈው ዓመት ጥንቅሽ አማረኝ። ጋሼን፣ አጎቴን ማለቴ ነው፣ ደውዬ ዘር ላኩልኝ አልኳቸው። በሰው እጅ በፖስታ አድርገው ላኩልኝ፣ ላዩ ላይ "ጥንቅሽ" ተብሎ ተጽፎበታል። በግቢዬ ጥግ 12 ሥር በቀለልኝ። ጉልበት ሲደርስ አንድ ማለዳ ቅጠሎቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ አየሁ። ስምንቱ ጅማታቸው ነጭ ነው። አራቱ ብቻ ናቸው ጥንቅሾቹ።

እምዬ ለዘር የምትፈልገውን አገዳ ነሐሴ ላይ በቀይ ጨርቅ ታስረው ነበር። ጨርቅ የታሰረበትን የሰበረ ልጅ ቁርሱን በጅራፍ ነው። ስለዚህ የኛ ማሳ ጥንቅሽ ዓመት ዓመት ጥንቅሽ ነበር። ለጋሼ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ የላኩልኝ ዘር እኮ አብዛኛው ጥንቅሽ አይደለም።"

ሳቁ። "እኔ ምን ላድርግ፣" አሉ፣ "ጨርቅ ማሰር ትቻለሁ። ጥሩ ጥሩውን ልጆቹ ሳይደርስ ሰብረው ይበሉታል። እኔ የላክሁልህ እነሱ አይተው የተዉትን ነው።"